አባ መላ ሲሞቱ ሚዛኑም አብሯቸው ተቀበረ

ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ያለ አይመስለኝም። የታክሲ ረዳቶች በቀን ስንት ጊዜ ይጠሩታል! ስማቸው ለድልድዩ ስለተሰጠው ሰው ግን ብንጠየቅ፣ ብዙዎቻችን የምኒልክ የጦር ሚኒስትር ነበሩ ከማለት አናልፍም። ያውም እሱን ካወቅን ነው።

ዛሬ ስለ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የምጽፈው የጀግንነት ታሪክ ለመደርደር ብዬ አይደለም። እኝህ ሰው ለ10 ዓመት ያህል በአገራችን ፖለቲካ ውስጥ አንድ ከባድ ሥራ ሠርተዋል፤ ሥልጣን ተጠቅልሎ አንድ እጅ እንዳይገባ መሀል ላይ ቆመው ሚዛን ጠብቀዋል። ሚዛን ሲሠራ ምን እንደሚመስል ከሕይወታቸው መማር ይቻላል። ሚዛኑ በሰው ትከሻ ላይ ብቻ ሲቆም ምን እንደሚከተል ደግሞ ከሞታቸው።

የተወለዱት ጨቦ በሚባለው አገር፣ ዛሬ ወሊሶ በምትገኝበት አካባቢ፣ ከኦሮሞ ቤተሰብ ነው። ገና ልጅ ሳሉ የምኒልክ ጦር ወደዚያ ሲዘምት ተማርከው ወደ ሸዋ ቤተ መንግሥት መጡ። እዚያው አደጉ፣ ክርስትና ተነሥተው ሀብተ ጊዮርጊስ ተባሉ። በዚያ ዘመን አንድ ሰው ትልቅ ቦታ ለመድረስ የማን ልጅ እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም ነበር። ሀብተ ጊዮርጊስ ግን በቤተ መንግሥት ውስጥ የሚያስጠጋ ዘመድም፣ የሚቆጠር የመሳፍንት የዘር ሐረግም አልነበራቸውም። የነበራቸው ጭንቅላት ነው።

የፈረስ ስማቸው አባ መላ ነው። ስም ያወጣላቸው ሰው አልተሳሳተም። ነገር ሲጠላለፍ፣ ጠብ ሲነሣ፣ ዳኝነት ሲጠፋ መላው እሳቸው ጋ ነበር። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡ ሰው ናቸው፤ በችሎት ላይ ያላቸው ብልኀት ግን እስከ ዛሬ በሽማግሌዎች ዘንድ ይወራል።

ከአድዋ ጦርነት በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ ፊታውራሪ ሆኑ። በደቡብ በኩል እስከ ቦረና ድረስ የዘመተውን ጦር መሩ፣ ሰፊ ግዛትም ተሰጣቸው። እዚህ ላይ ታሪኩን አሳምረን ማለፍ የለብንም። በልጅነታቸው በጦርነት የተማረኩት ሰው፣ አድገው የሌላውን አገር የሚያስገብር ጦር መሪ ሆነዋል። የሥልጣናቸው መሠረት የሆነው መሬትና ወታደር በገባሩ ላብ የሚቀለብ ነበር። ይህን በልባችሁ ያዙልኝ፣ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትርነቱ የደረሰው ለሀብተ ጊዮርጊስ ነው። አፈ ንጉሥ ነሲቡ ፍርዱን፣ በጅሮንድ ሙሉጌታ ገንዘቡን፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጽሕፈቱን ሥራ ያዙ። በወረቀት ላይ ሲታይ የሥራ ክፍፍል መጣ ማለት ነው። በተግባር ግን ሁሉም ገመድ የሚያልቀው ምኒልክ እጅ ላይ ነበር። ሚኒስትሮቹ ለንጉሠ ነገሥቱ ይታዘዛሉ እንጂ እርስ በርሳቸው አይቆጣጠሩም።

ከዚያ ምኒልክ በጠና ታመሙ።

ገመዱን የያዘው እጅ ሲዝል ምን ይሆናል? እያንዳንዱ ቡድን ወደራሱ መጎተት ይጀምራል። እቴጌ ጣይቱ ዘመዶቻቸውንና የሰሜን መኳንንትን ይዘው ሥልጣኑን ወደራሳቸው አዞሩት። የሸዋ መኳንንት ደግሞ ተሰባሰቡና በመጋቢት 1902 ዓ.ም. እቴጌዪቱን ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው። ከዋነኞቹ አድራጊዎች አንዱ ሀብተ ጊዮርጊስ ነበሩ።

እኔ የምኖረው ቁስቋም ነው። ከሰፈሬ ቀና ስል የሚታየኝ እንጦጦ ነው፤ እቴጌ ጣይቱም ምኒልክ ከሞቱ በኋላ የመጨረሻ ዓመታቸውን ያሳለፉት እዚያው እንጦጦ ማርያም ነበር፣ እስከ 1910 ዓ.ም.። ያንን ሁሉ ዓመት አገር ያስተዳደሩ፣ አዲስ አበባን የቆረቆሩ ሴትዮ፣ ከተማቸውን ከላይ ቁልቁል እያዩ ሞቱ። እንጨት ተሸክመው ከተራራው የሚወርዱ እናቶችን ባየሁ ቁጥር ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል። በዚያ ዘመን የሥልጣን ጨዋታ የተሸነፈ ሰው ተመልሶ የሚወዳደርበት መንገድ አልነበረም። ወይ ታሸንፋለህ፣ ወይ ትጠፋለህ። ለዚህም ነው ማንም በፈቃዱ የማይለቀው።

ቀጥሎ የልጅ ኢያሱ ዘመን መጣ። እሱም በአንድ ቀን አበቃ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱና ቤተ ክህነቱ ተስማምተው ኢያሱን ሻሩ፣ የምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ መኮንንን ደግሞ አልጋ ወራሽና እንደራሴ አደረጉ። የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ትልቅ ጦር ይዘው ተነሡ። ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑል ሰገድን ጦር ደመሰሱ፣ ራሱም እዚያው ወደቁ። ሸዋ ተንቀጠቀጠ። በዚህን ጊዜ አባ መላ የወዳጅነት መልእክት እየላኩ፣ የራሳቸው ጦር ተሰብስቦ እስኪያልቅ ንጉሥ ሚካኤልን አዘናጓቸው ይባላል። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ በተደረገው ውጊያ ንጉሥ ሚካኤል ተሸንፈው ተማረኩ። የአሸናፊው ጦር መሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ነበሩ።

እስኪ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የአገሪቱ ትልቁ ጦር በእጃቸው ነው። አሸንፈዋል። ቢፈልጉ ማን ያቆማቸዋል? በሌላ አገርም በእኛም ታሪክ እንዲህ ያለ ጄኔራል ብዙውን ጊዜ የሚያደርገውን እናውቃለን። እሳቸው ግን አላደረጉትም። ዘር ስለሌላቸው ዘውዱን ቢመኙም አይሰጣቸውም ነበር የሚል አለ፤ ልክ ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን ዋናው ነገር ከዚያ በኋላ የቆመው አሠራር ነው።

ከ1909 እስከ 1919 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የመሩት ሦስት ሰዎች ናቸው ማለት ይቻላል። ዘውዲቱ ዘውዱ አላቸው፤ የምኒልክ ልጅ ናቸው፣ ሕዝብም ቤተ ክርስቲያንም ያከብራቸዋል። ተፈሪ የዕለት ተዕለት አስተዳደሩ፣ የውጭ ግንኙነቱና የሐረርጌ ገቢ አላቸው። ሀብተ ጊዮርጊስ ደግሞ ጦሩና የወግ አጥባቂው መኳንንት አመኔታ አላቸው። አንዱ ያለውን ሌላው የለውም። ስለዚህ አንዱ ያለ ሌላው ፈቃድ ትልቅ ነገር ማድረግ አይችልም።

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለ? የሦስቱም ነገር እንደዚያ ነበር። ተፈሪ ፍጥነት ሲያበዙ ፊታውራሪው ወደ ንግሥቲቱ ያጋድላሉ። ተፈሪን ከነጭራሹ እናውርድ የሚል ሲበዛ ደግሞ ወደ መሀል ይመለሳሉ። በ1910 ዓ.ም. መሀል ሰፋሪ የሚባለው የቤተ መንግሥቱ ወታደር ተነሥቶ ሚኒስትሮቹን ሲያስባርር እንኳ፣ አባ መላ ከዚያ ማዕበል ወጥተው እስከ ዕለተ ሞታቸው የጦር ሚኒስትር ሆነው ቆይተዋል።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ነገሩን በገበያ ነው የማየው። ሦስት ድርጅት የያዘው ገበያ ፍጹም አይደለም፤ ሸማቹ ይበደላል፣ ዋጋም ይወደዳል። ግን ሦስቱ እርስ በርስ ስለሚፈራሩ አንዱ ብቻውን እንደልቡ አይሆንም። አንደኛው ከገበያ ከወጣና ንብረቱን ሌላኛው ከጠቀለለው ግን ሞኖፖሊ የጊዜ ጉዳይ ነው።

ተፈሪ ይህንን በደንብ ያውቁ ነበር። በ1916 ዓ.ም. አውሮፓን ሲጎበኙ ራስ ኃይሉንና ራስ ሥዩምን የመሳሰሉ ትልልቅ መኳንንት አስከትለው የሄዱት ለክብር ብቻ አልነበረም። እሳቸው በሌሉበት እዚህ ቀርቶ የሚዶልት እንዳይኖር ጭምር ነው። እንግዲህ ሥልጣን እንዲህ ባለ ጥርጣሬ የሚኖር ነገር ነበር።

በዚያው ዘመን፣ ነገር ግን ከአንድ መቶ ሠላሳ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሌላ አገር ሌላ ሰው በዚሁ ጥያቄ ላይ ተቀምጦ ነበር ብንል ያስኬዳል። ጄምስ ማዲሰን ይባላል፣ አሜሪካዊ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1787 እና 1788 አዲሱ ሕገ መንግሥት እንዲጸድቅ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በኒው ዮርክ ጋዜጦች ላይ ተከታታይ ጽሑፍ ይጽፍ ነበር። የዘመኑ ብሎገር በሉት።

የማዲሰን ሐሳብ ሲጨመቅ እንዲህ ነው። ሰው ነጻ እስከሆነ ድረስ ቡድን መፍጠሩ አይቀርም፤ በጥቅም፣ በሃይማኖት፣ በመሬት፣ በገንዘብ ይቧደናል። ቡድንን ለማጥፋት ነጻነትን ማጥፋት ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ ከበሽታው የባሰ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር አድርግ። አንደኛ፣ አገሩ ሰፊ፣ ቡድኑም ብዙ ይሁን፤ አንዱ ብቻውን ሁሉን ለመዋጥ ይቸገራል። ሁለተኛ፣ ሥልጣኑን ሕግ በሚያወጣ፣ በሚያስፈጽምና በሚዳኝ መካከል ክፈለው። ለእያንዳንዱም ሌላውን የሚያስቆምበት የራሱ መሣሪያና የራሱ ምክንያት ስጠው። ባለሥልጣኑ መልአክ ይሆናል ብለህ አትጠብቅ። የአንዱ ሥልጣን ወዳድነት ለሌላው ሥልጣን ወዳድነት አጥር እንዲሆን አድርገህ ሥራው።

የእኛዎቹ ሦስት ሰዎች ሳያነቡት የሠሩት ይህንኑ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ግን ሁሉን ነገር የሚለውጥ ልዩነት ነው። ማዲሰን ሚዛኑን ያቆመው በወንበር ላይ ነው። ሰውዬው ቢሞት ወንበሩ ሥልጣኑን ይዞ ይቀራል፣ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል። የእኛ ሚዛን የቆመው በሰው ላይ ነበር። ሀብተ ጊዮርጊስ ወንበር አልነበሩም። ሰው ነበሩ፣ ያውም ያረጁ።

በ1919 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አቡነ ማቴዎስ አረፉ። ብዙም ሳይቆይ፣ በታኅሣሥ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ተከተሉ። ተፈሪ የፊታውራሪውን ጦርና ግዛት ወደራሳቸው ጠቀለሉ። ከዚያ የሆነውን ተመልከቱ።

በ1920 ዓ.ም. የሲዳሞው ገዥ ደጃዝማች ባልቻ፣ እንደ ሀብተ ጊዮርጊስ ሁሉ በልጅነት ተማርከው ያደጉት ጀግና፣ ጦራቸውን ይዘው አዲስ አበባ ድረስ መጡ። ቤተ መንግሥት ግብር ተጠርተው ሲገቡ ከውጭ የቀረው ጦራቸው ተበተነባቸው። ብዙም ሳይቆይ የንግሥቲቱ ጠባቂዎች አዛዥ ደጃዝማች አባ ውቃው ሞከሩ፤ እሳቸውም ተያዙ። መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ተፈሪ ንጉሥ ተባሉ። በመጋቢት 1922 ዓ.ም. የዘውዲቱ የቀድሞ ባል ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ ተዋግተው ወደቁ፣ ንግሥቲቱም በሁለተኛው ቀን አረፉ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ተፈሪ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

ቁጠሩት። አባ መላ ከሞቱ አራት ዓመት እንኳ አልሞላም። ሦስቱ አንድ ሆኑ።

ሕገ መንግሥት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈረመው፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጃፓንን አርአያ አድርገው ያዘጋጁት የአገሪቱ የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት 55 አንቀጾች አሉት። ሁለት ምክር ቤቶች አቆመ። የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፣ የሕግ መምሪያውን መኳንንቱና ሹማምንቱ ይመርጣሉ። የንጉሠ ነገሥቱ ሰውነት የተከበረ፣ ሥልጣናቸው የማይገሠሥ ነው። በሌላ አነጋገር ምክር ቤቱ አለ፣ ነገር ግን የሚይዘው ፍሬን የለውም።

ለእኔ የታሪካችን ትልቁ እንቆቅልሽ እዚህ ላይ ነው ያለው። በሀብተ ጊዮርጊስ ዘመን ሚዛን ነበረ፣ ወረቀት አልነበረም። ከእሳቸው በኋላ ወረቀት መጣ፣ ሚዛን አልነበረም። ሁለቱ አንድ ቀን ሳይገናኙ ተላለፉ።

ዋጋውን የከፈልነው ቆይቶ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወርድ ሕገ መንግሥቱን አገደ፣ ምክር ቤቱን በተነ። የተቃወመ ተቋም አልነበረም፤ ከመጀመሪያውም ጥርስ ያለው ተቋም ስላልተሠራ። ከሁለት ወር ከምናምን በኋላ ወደ 60 የሚጠጉ የቀድሞ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ በአንድ ሌሊት ተረሸኑ። ቁም የሚል ዳኛ፣ ጠይቅ የሚል ምክር ቤት በሌለበት አገር አንድ ስብሰባ ይበቃል። ደግሞ በዚያ ብቻ አላቆመም፤ ቀጥሎ የመጣውን ወላጆቻችን ያውቁታል።

ቅድም በልባችሁ ያዙልኝ ወዳልኩት ልመለስ። የሦስቱ ሰዎች ሚዛን የመኳንንት ሚዛን ነበር። ገባሩ፣ ባሪያው፣ የቦረናው አርብቶ አደር በዚያ ሚዛን ላይ ቦታ አልነበራቸውም። እንዲያውም አንዱ ሌላውን ሲያስቆም የሚቆመው ለውጡም ጭምር ነበር። የባርነት ጉዳይ በአዋጅ ሲነካ እንኳ እየተጎተተ ነው የሄደው። ማዲሰንም ቢሆን ስለ ነጻነት እየጻፈ ባሪያ የሚያሠራ ሰው ነበር። ስለዚህ ሚዛን ብቻውን ፍትሕ አያመጣም። ሚዛኑ ላይ ማን ተቀምጧል ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ግን ሚዛን የሌለበት ፍትሕ ደግሞ የአንድ ሰው ቸርነት ነው፤ ሰውዬው ሲከፋው ያልቃል።

ይህ ሁሉ ሩቅ የሚመስለው ሰው ካለ ወደ ሰፈሩ እድር ይሂድ። እኛ ቁስቋም ያሉት እድሮች የተማረ አማካሪ የቀጠሩ አይደሉም። ግን ሊቀመንበሩ ገንዘብ አይዝም፣ ገንዘብ ያዡ ብቻውን ወጪ አያዝም፣ ጸሐፊው ሁሉን ይመዘግባል፣ ከባንክ ገንዘብ ሲወጣ ከአንድ በላይ ፊርማ ይጠየቃል። ሒሳብ የሚመረምር ይመረጣል፣ ጠቅላላ ጉባኤው ደግሞ ከሁሉም በላይ ነው። እድርተኛው ሊቀመንበሩን ሌባ ነው ብሎ አይደለም እንዲህ ያደረገው። ሊቀመንበሩ ደግ ሰው ቢሆንም፣ የሚቀጥለው ምን እንደሚሆን ስለማይታወቅ ነው። ሰው ይሞታል፤ እድሩ ግን ነገም ድንኳን መትከል አለበት።

የኢትዮጵያ መንግሥትም በወረቀት ደረጃ ይህ አለው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሕግ አውጪ፣ አስፈጻሚና ዳኝነት ብሎ ለይቷል። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ሪፖርቱን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል። ጥያቄው ወረቀቱ መኖሩ አይደለም። እያንዳንዱ ወንበር ሌላውን የሚያስቆምበት መሣሪያ በእጁ አለ ወይ? ካለስ ሲጠቀምበት ታይቷል ወይ? የኦዲት ግኝት ከቀረበ በኋላ ገንዘቡ ይመለሳል፣ ሰው ይጠየቃል ወይ? እኛ ወጣቶች ስልካችን ላይ ስንከራከር የምንውለው ግን በሌላ ነው፤ እገሌ ጥሩ ነው፣ እገሌ መጥፎ ነው፣ እገሌ ቢመጣ ይሻል ነበር።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ከጥሩዎቹ ወገን ሊቆጠሩ ይችላሉ። ብልህ ነበሩ፣ ጦር ይዘው ዙፋን አልቀሙም፣ አገር ሲናጋ መላ አልጠፋቸውም። ግን መላቸውን ለማንም ማውረስ አልቻሉም። በፊርማ ያልታሰረ፣ በወንበር ያልተተካ መላ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ አንድ መሪ ስንከራከር፣ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ከማለታችን በፊት ይቺን ጥያቄ እናስቀድም፤ ይህ ሰው ነገ ቢሳሳት ቁም የሚለው ማነው? እሱስ ቁም ባዩ ቢሞት፣ ወንበሩ ላይ ማን ይቀመጣል?